የማይፈላው ውሃ

የካቲት 4 ቀን 1977፣ ሰኞ

ውሃ ከሄደ ከረመ። ቦኖው አፉን ከፍቶ ቆሟል፤ ሰው ግን እንስራውንና ጀሪካኑን ደርድሮ ወረፋ ይይዛል። ጎረቤታችንን እትዬ ይርገዱን «ወረፋው ምን ሊያደርግልዎት ነው?» ብላቸው፣ «ሲመጣ ኋላ እንዳልቀር ነዋ!» አሉኝ። ለማይመጣ ውሃ ተራ አስከባሪ ተመርጧል። አስከባሪው ደግሞ ዛሬ ተደብድቦ ጥርሱ ወለቀ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ክንዱ ትናንት በስብሰባው ላይ የውሃ እጥረት ያለፈው ሥርዓት ርዝራዥ ነው አለን። መፍትሔም አለው። ጉድጓድ በዘመቻ እንቆፍራለን፣ ቦቴ መኪና ይመጣል፣ የጣራ ውሃ በበርሜል እናጠራቅማለን። የጣራውን ሲናገር ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ያለው ሰው የኛን ቀበሌ አይቶ መሆን አለበት።

ጉድጓዱማ ዓምና ተቆፍሮ ነበር። የሰው ቁመት ሳይሞላ አለት ላይ ደረሱና ተውት። አሁን ጥራጊ ይጣልበታል።

ለመጠጥ ጠበሉ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር? ከደብራችን በታች ከአለቱ ሥር የሚፈልቀው ጠበል በአባባ ዕድሜ ጎድሎ አያውቅም። ለወጥና ለማጠቢያ ግን እኔና እህቴ ይመኙሽ በየተራ ቀሃ ወንዝ እንወርዳለን። ወንዝ ማለት ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ ጭቃ ነው።

የካቲት 8፣ ዓርብ

ከደባርቅ ማዶ ካለው ደጋ ድርቅ ያፈናቀላቸውን ሰዎች በጭነት መኪና አምጥተው አራገፏቸው። ቀበሌው ከጠበሉ በላይ ያለው ሜዳ ላይ ድንኳን ተከለላቸው። መጸዳጃም ተቆፈረ፤ እዚያም አለት ነውና ከጉልበት አላለፈም። ጓድ ክንዱን መንገድ ላይ አግኝቼ፣ «ጓድ፣ ከምንጩ በላይ ባይሆን ጥሩ ነበር» አልኩት።

«አንቺ የጤና ባለሙያ ነሽ ወይስ የቤተ ክህነት ጠበቃ?» አለኝ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል።

ጠበሉ ጋ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ፤ አያ ሐዲስ ይባላሉ፤ ከነሚስታቸው ነው የመጡት። ሴቶቹ ወረፋ ሲጣሉ እያዩ ቆመዋል። «ምነው እቴ፣ ይህን የመሰለ ሸጋ ውሃ እያላችሁ ትባላላችሁ?» አሉኝ።

«ውሃ አይደለም አያ፣ ጠበል ነው።»

«እሱስ ይሁን። የኛው ምንጭ ነጠፈ። ላሚቱ ጭቃውን ስትልስ፣ ስትልስ እዛው ተደፋች።»

እንስራቸውን አሸከምኳቸው።

የካቲት 12፣ ማክሰኞ

ዐቢይ ጾም ትናንት ገባ። ዛሬ ጓድ ክንዱ ሆስፒታል ድረስ መጣ። ላቦራቶሪያችን በር ላይ ቆሞ ለአለቃዬ ለአቶ መለሰ፣ «ያንን ጠበል የሚሉትን ውሃ መርምሩልኝ። እስኪ ሳይንስ ይናገር» አላቸው። አቶ መለሰ ለወባ ዘመቻ ወደ ሳንጃ ሊሄዱ መኪና እየጠበቃቸው ነው። «ሰፈርሽም አይደል አበቡ፣ አንቺው ሥሪው» ብለውኝ ወጡ።

ክንዱ ምን እንደፈለገ ለማወቅ አዋቂ ቤት መሄድ አያስፈልግም። እሑድ እሑድ ስብሰባው ባዶ ነው፤ ጠበሉ ጢም ብሎ ይሞላል። ዓምና የደብሩን የቄስ ትምህርት ቤት ዘግቶ የውይይት ክበብ አደረገው። አባባ ያን ሰሞን እህል በአፋቸው አልዞረም። አርባ ዓመት ዜማ ያስተማሩበት ቤት ነበር።

የካቲት 14፣ ሐሙስ

አባባ ውዳሴ ማርያማቸውን ደግመው ተኝተዋል። ይመኙሽ ልጇን እናኑን አቅፋ ታንጎራጉራለች።

ሥራው ቀላል ነው። ውሃውን ቱቦ ውስጥ ካለ ሐምራዊ ፈሳሽ ጋር ቀላቅሎ ሞቃት ሳጥን ውስጥ ማሳደር ነው። ፈሳሹ ቢጫ ሆኖ አረፋ ከቋጠረ ውሃው ውስጥ ዓይነ ምድር ገብቷል ማለት ነው። ትናንት ብከፍተው ሁሉም ቢጫ ነው። ጠርሙሱን በደንብ አላጠብኩት ይሆናል ብዬ እንደገና ቀዳሁ። ዛሬም ቢጫ። እንደ ጠላ አረፋ ደፍቷል።

ከድንኳኖቹ ነው የሚወርደው። ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል። ግን ብናገር ድንኳኑ የሚነሳ እንዳይመስልሽ አበቡ! የሚዘጋው ጠበሉ ነው። ክንዱ በማግሥቱ ቁልፍ ያንጠለጥልበታል። አባባ ያን አይተው ይነሳሉ ብዬ አላስብም፤ ሰው ደግሞ የመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ልጅ ደብሩን ሸጠችው ይላል። እውነትም መሸጥ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አባባ ሲያስተምሩ።

ቱቦዎቹን ደፍቼ አጠብኳቸው።

የካቲት 15፣ ዓርብ

ክንዱ መጣ። «እህስ?» አለ።

«ንጹሕ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የተናገረው ላቦራቶሪው ነው ጓድ፣ እኔ አይደለሁም» አልኩት። ትንሽ አየኝና ኮፍያውን አስተካክሎ ሄደ። እንዲህ ቀላል ነው ለካ።

ለጊዜው ነው። ድንኳን ያሉትን ሰዎች ወደ ሰፈራ ሊወስዷቸው ነው እየተባለ ነው። እነሱ ሲሄዱ ውሃው ይጠራል። ቢበዛ ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው።

ማታ የቀሃን ውሃ አጥልዬ አፈላሁና በአሮጌው ፔርሙዝ ሞላሁት። ይመኙሽ ምንድን ነው ብትለኝ ለጨጓራዬ ሙቅ ውሃ ታዞልኛል አልኳት። አባባ ከመደባቸው ሆነው፣ «እግዜር ይማርሽ ልጄ» አሉኝ።

የካቲት 17፣ እሑድ

ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ።

ጓድ ክንዱ በስብሰባው ላይ ተነሥቶ ውሃው በሳይንስ ተመርምሮ ንጹሕ መሆኑ ተረጋገጠ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። አባባ ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። «ሰማችሁ? ሳይንሱም መሰከረ! የመሰከረችው ደግሞ ልጄ ናት!» እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። አባባን እንዲህ ደስ ብሏቸው ያየሁት የእናቴ ተዝካር የሰመረ ቀን ነው። ያን ፊት አይቶ ማን ይናገራል?

ክንዱ ግን አልጨረሰም። «ንጹሕ ከሆነ የሰፊው ሕዝብ ሀብት ነው። ከነገ ጀምሮ የቀበሌው ነዋሪና የድንኳኑ ሰው ሁሉ በተራ ይቅዳ፤ ለመጠጥም ለወጥም» አለ። በጠበሉ የሚያጠምቁት አባ ወልደኢየሱስ ጠበል ወጥ አይሠራበትም ብለው አጉረመረሙ። መልሰው ዝም ያሰኟቸው አባባ ናቸው። «የተጠማን መከልከል አይገባም። ማየ ሕይወት ነው፣ ይጠጡ።»

ስብሰባው ሲበተን ሰው እጄን እየጨበጠ መረቀኝ። እትዬ ይርገዱ ጉልበቴን ሊስሙ አጎነበሱ።

የካቲት 23

ወረፋው ከጠበሉ እስከ ደብሩ በር። ቦኖው ጋ ማንም የለም። ቦቴው አንድ ጊዜ መጣ፤ የጽሕፈት ቤቱን በርሜል ሞልቶ ሄደ።

የሰፈራ መኪና አልመጣም።

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

የሴቶች ማኅበር ስለ ጤና አጠባበቅ እንዳስተምር ጠርቶኝ ሄድኩ። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ አልኳቸው። ከሰል ከየት ይመጣል አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኛ ቤት ያለው ከሰል የኔን ፔርሙዝ ሞልቶ ያልቃል። አጥልሉ፣ አስፍሩ፣ በረኪና ጠብ አድርጉበት አልኩ። በረኪና ከጠፋ ዓመት ሆኖታል አሉኝ። መፍትሔ ሳወራ እንደ ክንዱ ሆንኩ።

ከዚያ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። ልጅ ታቅፋለች። «ጠበሉንስ እናፍላው እንዴ?»

ክንዱ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። አባ ወልደኢየሱስ በመስኮቱ በኩል ሲያልፉ ቆም ያሉ መሰለኝ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

«ጠበል አይፈላም» አልኩ።

ሁሉም ሳቁ። እፎይ ብለው ነው የሳቁት። «እንዴት ይፈላል፣ ጠበል እሳት ይነካዋል እንዴ!» ተባባሉ። ሴትዮዋም ልጇን ሳመችው።

ይሄ ሥርዓታችን ነው። እኔ ያወጣሁት አይደለም።

መጋቢት 8፣ ደብረ ዘይት

ትናንት ከሆስፒታል በረኪና በጠርሙስ ይዤ መጣሁ። ሰው ሁሉ ሠርክ ጸሎት ሲገባ ጠበሉ የሚጠራቀምበት ገንዳ ውስጥ ጨመርኩት። ለክተሽ ጨምሪ ይላል መጽሐፉ፤ እኔ ግን ሰው ሳይመጣብኝ ብዬ ጠርሙሱን ሙሉ ገለበጥኩት።

ዛሬ ሊጠመቁ የገቡት ዓይናችንን አቃጠለን ብለው ወጡ። አባ ወልደኢየሱስ እጃቸውን ነክረው አሸተቱና መስቀላቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። ጠበሉን መድኃኒት አደረጉበት ተባለ። «ክንዱ ነው! ሳይንሱ አልሆንለት ሲል መርዝ አደረገበት!» አሉ ሴቶቹ። ካህናቱ የገንዳውን ውታፍ ነቅለው ውሃውን ለቀቁት። ያን ሁሉ ውሃ! ቁልቁል ሲፈስ የድንኳን ሴቶች በቅልና በጣሳ እየተከተሉ ከመሬት ይቀዱ ነበር። አያ ሐዲስ ነጠላቸውን ጭቃው ውስጥ ነክረው ጨመቁት።

ገንዳው በአዲስ ጸሎት እንደገና ተሞላ። ከዚያው ምንጭ።

ማታ ይመኙሽ፣ «ነጠላሽ በረኪና በረኪና ይላል» አለችኝ።

«ሆስፒታል አይደል የምሠራው?»

«እሱስ ነው» አለች። ነጠላዬን አንሥታ ደግማ አሸተተችው።

አሁን ጠበሉ ጋ ቀን ከሌት ሁለት ዘበኛ ቆሟል፤ አንዱ የክንዱ፣ አንዱ የካህናቱ። ይሄኛው መንገድ ተዘጋ። ጾሙ ይፈታና ለአባባ እነግራቸዋለሁ። በጾም እንዲህ ያለ ነገር ለሽማግሌ አይነገርም።

መጋቢት 14

ከድንኳኑ በቃሬዛ እየመጡ ነው። ናሙናው በዛብኝ። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሼ ውዬ አንገቴ አልዞር አለኝ። አቶ መለሰ ከሳንጃ ተመልሰዋል፤ ከስተው ወባ የያዛቸው እሳቸውን ይመስላል። የበሽታውን ስም እንዳንጽፍ ከላይ ተነግሯቸዋል። «ተቅማጥ በይው፣ በቃ» አሉኝ።

«ውሃው ምን ሆኖ ነበር? ያ የቀበሌው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ያን ጊዜ ንጹሕ ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግመሽ መርምሪው አላሉኝም። እኔም እንድመረምር አልጠየቅሁም።

መጋቢት 19፣ ሐሙስ

የአያ ሐዲስ ሚስት ሞቱ። ደብሩ ቀበራቸው።

ይመኙሽ ደግሞ ፈርታለች። ከእናኑ በፊት ሁለት ልጅ ቀብራለች፤ ሾተላይ ነው ተብላ ያልረገጠችው ደብር የለም። ባሏ ደመቀ ግንባር ከዘመተ ጀምሮ ዓይኗን ከልጅቱ ላይ አታነሳም። አሁን በሽታ በዛ ስትል እናኑን ሱባኤ አስገባቻት፤ ጠዋት ጠዋት ትጠመቃለች፣ እስከ ፋሲካ ከጠበል ሌላ ውሃ በአፏ አይዞርም። ይመኙሽ ተስላለታለች። አባባም መርቀዋታል።

«ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ሱባኤ ምን ያደርግላታል? ትንሽ ሙቅ ውሃ እየጠጣች ብትጠመቅ...» አልኩ።

«ጠበል የጀመረ ሌላ ውሃ አይቀላቅልም። አንቺ የመሪጌታ ልጅ አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ።

ለይመኙሽ ብቻዋን ብነግራትስ? ምስጢር አይረጋላትም፤ ያኑ ቀን አባባ ዘንድ ይደርሳል። እንዴት ብዬ እጀምራለሁ? የካቲት ላይ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነበር። አሁን ግን፣ «እስካሁን ለምን?» የሚለውን ነው የምትጠይቀኝ።

መጋቢት 24

እናኑ ጠዋት ከተጠመቀች በኋላ እየተንቀጠቀጠች መጥታ ጭኔ ላይ ወጣች። ፔርሙዙን ስከፍት የሚወጣውን እንፋሎት ስታይ ደስ ይላታል።

«አቡ፣ ጭስ ያለውን ውሃ ስጪኝ።»

ክዳኑ ላይ ቀድቼላት ነበር። ይመኙሽ ከጓዳ፣ «ሱባኤ ላይ ናት እኮ!» ብላ ጮኸች። ክዳኑን ከከንፈሯ መለስኩት። እናኑ አላለቀሰችም። ጣቷን ነክራ ላሰችው።

ጠጣሁት። ምን ላድርገው? ማፍሰስ ነውር ነው፤ ውሃ በጠፋበት ዘመን።

ሚያዝያ 1፣ ማክሰኞ

ሰሙነ ሕማማት። እናኑ ከሌሊት ጀምሮ አስቀመጣት፣ አስመለሳት። ይመኙሽ ጠበሉ ሲያጥባት ነው፣ በሽታው እየወጣላት ነው ትላለች። በቅል እየቀዳች ታጠጣታለች። ወደ ሆስፒታል እንውሰዳት ብላቸው አባባ፣ «እስከ ፋሲካ ብትታገሥ ምን አለበት? ስለት እኮ ነው ልጄ» አሉ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም።

የስኳርና የጨው ውሃ በጥብጬ ሰጠኋት። ይመኙሽ ከእጄ አልነጠቀችኝም፤ ዞር ብላ ግድግዳውን አየች። ዘግይቷል መሰለኝ። አልዋጥላት አለ።

ሚያዝያ 3፣ ጸሎተ ሐሙስ

በግድ አቅፌ ወሰድኳት። ደም ሥር ጠፋ። ግሉኮስ የለም፤ ለነገ ይመጣል ተባለ። አቶ መለሰ ራሳቸው ሮጡ። ከንፈሯ ደርቋል። ውሃ፣ ውሃ።

ሚያዝያ 5፣ ቅዳም ሥዑር

ካህናቱ ቄጠማ ይዘው «የምሥራች» እያሉ በየቤቱ ሲዞሩ እኛ ሞት ይዘን ገባን። ከሰዓት በኋላ ደብሩ ግቢ ቀበርናት። ጉድጓዱ ትንሽ ነው። እዚህ እንኳ አለት አልገጠማቸውም።

ይመኙሽ አላለቀሰችም። «ስለቱን ሳልጨርስ ወደ ሆስፒታል በመውሰዳችን ነው» አለች።

ይሄን እንድታምን ተውኳት። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ለሷ ይሻላታል ብዬ ነው።

ሚያዝያ 6፣ ፋሲካ

ጾሙ ተፈታ።

አልነገርኳቸውም። በዛሬ ቀን?

ሚያዝያ 19

አባባም ታመው ሰነበቱ። አልጋ ላይ ሆነው ምላሳቸው ሲደርቅ እንኳ ጠበል ብቻ ነው የሚሉት። በቅሉ ከፔርሙዜ እየቀዳሁ ጠበል ነው እያልኩ አጠጣኋቸው። ዳኑ። ሲድኑ ስለት አስገቡ፤ ለጠበሉ።

ይሄንኑ ለእናኑ ማድረግ እችል ነበር። አንድ ቅል ብቻ ነበር ውሸቱ። ስንቱን ዋሽቼ እሱን ሳላስበው ቀረሁ!

ዛሬ የሰፈራ መኪኖቹ መጡ። ሰዎቹን እየቆጠሩ ይጭናሉ። አያ ሐዲስ ብቻቸውን ናቸው። ጠርሙስ አፉን በጨርቅ ወትፈው ይዘዋል።

«ምን ይዘዋል አያ?»

«ውሃችሁን ነዋ። ሸጋ ውሃ ነበር። የምንሄድበት አገር ቆላ ነው አሉ፤ ለመንገድ ቋጠርኩ።»

ጠርሙሱን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። ልሰናበታቸው መስሏቸው ጨበጡኝና ሳሙኝ። መኪናው ሄደ።

ድንኳኖቹ ባዶ የነበሩት እስከ ማታ ነው። ከሌላ አውራጃ ሌላ ሰው አመጡ። ጉድጓዶቹ እነዚያው ናቸው።

ግንቦት 7

እትዬ ይርገዱ ተቀበሩ። ትናንት ቦኖው ላይ ለአንድ ሰዓት ውሃ መጥቶ ነበር። ማንም አልተሰለፈም፤ ጠበሉ ካለ ምን ያደርግልናል ብለው።

ግንቦት 23፣ ዓርብ

አባባ ከቅዳሴ መልስ ጠሩኝ። አባ ወልደኢየሱስም አብረው ተቀምጠዋል።

«አበቡ» አሉ አባባ። «አስተውለሻል? እኔ ታመምኩ። ይመኙሽ ታመመች። ሕፃኗን አጣናት። በዚህ ቤት ሆድሽን ያላመመሽ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ደረሱበት ብዬ ነበር። እውነቱን ልጻፍ፤ ደስ አለኝ። ተገላገልኩ አልኩ።

«ጠበሉን አንቺ ነሽ በሳይንስ ያስመሰከርሽው። ጠበሉም ጠበቀሽ» አሉኝ። አባ ወልደኢየሱስም ቀጠሉ። ሰው እየተጠራጠረ ነው፣ ከጠበሉ የሚሸሽ አለ፣ ክንዱም ወሬውን እየሰማ ነው። ሰኔ 12 ለክብረ በዓሉ ምእመናን ሲሰበሰቡ ቆመሽ ምስክርነትሽን ስጪ፤ ተምረሻልና ይሰማሻል።

ይመኙሽ በሩን ተደግፋ ትሰማ ነበር። «ትመስክር እንጂ» አለች።

ሰኔ 4

ከሕክምና ቡድን ጋር ወደ ኮሶዬ ወጥተን ነበር። እዚያም ምንጩ ላይ ወረፋ ነው፤ ሴቶቹ ከጠዋት ተሰልፈው ማታ ባዶ እንስራ ይዘው ይመለሳሉ። አቶ መለሰ መኪናው ውስጥ፣ «ዓለም በሙሉ ውሃ ሊያልቅባት ነው ይላሉ የሚጽፉት» አሉ። «መፍትሔውን ሁሉም ያውቀዋል። ግድብ፣ ቧንቧ፣ ማፍላት። የሚያደርገው ነው የጠፋው።» እኔን የተናገሩኝ መሰለኝ። እሳቸው ምኑን አውቀው!

በተራራው ላይ ደመና ሲከማች አየን። ሹፌሩ አማተበ።

ሰኔ 12፣ ረቡዕ

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ግቢው ሞልቷል። ሰማዩ ከጥግ እስከ ጥግ ጠቁሯል። አባባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ከበሽታው ወዲህ ካባው ሰፍቷቸዋል። ክንዱ እንኳ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያያል። አባ ወልደኢየሱስ ስሜን ጠሩ።

ልናገር የተዘጋጀሁት ሁለት ነገር ነበር። አንዱ እነሱ የሚፈልጉት ነው። ሌላውን ሌሊቱን ሙሉ በልቤ ስለማመደው አድሬያለሁ፤ አጭር ነው፣ «አፍልታችሁ ጠጡት» ነው የሚለው። ወጥቼ ቆምኩ። የአባባን ፊት አየሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይህ ጠበል ጠብቆኛል» አልኩ።

እልልታው ደብሩን ነቀነቀው። አባ ወልደኢየሱስ ጠበሉን በትልቅ ኩባያ ቀድተው ሰጡኝ፤ በሰው ፊት እንድጠጣ። ከየካቲት ወዲህ ቀምሼው አላውቅም። ወደ አፌ አስጠጋሁት። ቀዝቃዛ ነው፣ የአለት ሽታ አለው፣ ከልጅነቴ የማውቀው ሽታ። ከንፈሬን ብቻ አረጠብኩና በነጠላዬ ጠረግሁ። ማንም አላየም።

ይመኙሽ አየች። ሕዝቡን እየገፋች መጣችና ኩባያውን ከእጄ ወሰደችው። «የተረፈው ለኔ ነው» አለች። ዓይኔን እያየች እስከ ታች ጨለጠችው። ኩባያውን ገልብጣ አሳየችኝ።

ያን ጊዜ ዝናቡ ወረደ። ሰው አብዶ ነበር፤ የሚሰግደው፣ የሚያለቅሰው፣ አፉን ከፍቶ ወደ ሰማይ የሚያየው። «የምስክርነቷ በረከት ነው» አሉ። እኔ ሽቅብ ድንኳኖቹን ነበር የማየው። ጎርፉ ጉድጓዶቹን ሞልቶ ቁልቁል መንገዱን ጀምሯል። የበጋውን ሁሉ ይዞ ነው የሚወርደው።

ቤት ስገባ ፔርሙዙ ታጥቦ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ከሰሉ ተቀጣጥሎ ውሃ ተጥዷል። ይመኙሽ ናት የጣደችው። «ለጨጓራሽ» አለችኝ። ወደ አልጋዋ ሄዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አሁን ውሃው እየፈላ ነው። አባባ በወዲያኛው ክፍል ነገ በማለዳ ጠበል እንደሚወርዱ ለራሳቸው ይናገራሉ፤ የዝናብ ማግሥት ጠበል ኃይል አለው ይላሉ። ልነሳና ልንገራቸው?

ደስ ብሏቸዋል። የሐዋርያት ጾምም ገና አልተፈታም። ጾሙ ይፈታና እነግራቸዋለሁ።